የወፎቹ አውጫጭኝ

ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት አንዲት መንደር ነበረች አሉ። የጊዮርጊስ ደብር ነበራት፤ ደብሩን የከበበ የጥድ ደን ነበራት፤ በጥዱ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ወፎች ነበሯት። ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው። ሴቷ ከአናቷ እስከ ጅራቷ አረንጓዴ ናት። ካልበረሩ በቀር የክንፋቸው ውስጥ ጥቁር መሆኑ አይታይም። የጥድ ፍሬ ይለቅማሉ፤ ሾላ ሲበስል ወርደው ይበሉና ይመለሳሉ፤ ሲመሽ ደግሞ ቆሞ በደረቀ ጥድ ላይ ግንደ ቆርቁር በበሳው ቀዳዳ እየገቡ ያድራሉ።

ለምን እንደሚጠቅሙ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሆኖም ማታ ማታ ለማደሪያ ሲሻሙ የሚያነሱት ጫጫታ ለእረኛው ከብት መመለሻ፣ ለባልቴቷ ሽሮ መጣጃ ነበር። ጉም አገሩን በዋጠ ቀን የፀሐይ መግባት አይታወቅም፤ የወፎቹ ጫጫታ ግን ይሰማል።

አንድ ዓመት፣ ኅዳር ሲጠባ፣ ጫጫታው ቀረ። እረኞቹ ጉም ውስጥ ጊዜው ጠፍቶባቸው ከጨለመ ገቡ፤ በዚያው ሳምንት ጅብ የጭቃ ሹሙን ጊደር በላ። ጭቃ ሹሙ ስለ ወፍ ደንታ የሌለው ሰው ነበር፤ ስለ ጊደሩ ግን ብዙ ደንታ ነበረው። “ወፎቻችን ተሰርቀዋል” አለና አውጫጭኝ ጠራ።

የአውጫጭኝ ሥርዓት የታወቀ ነው። ወንድ የተባለ ሁሉ ከሜዳ ይወጣል፤ ሌባው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም፤ የሚያውቅ ሰው “ወፍ እንዲህ አለችኝ” ብሎ ለሽማግሎቹ በጆሯቸው ሹክ ይላል። ሌባው ካልተገኘ ደግሞ የጠፋውን መንደሩ አዋጥቶ ይከፍላል። በዚህኛው አውጫጭኝ የጠፉት ራሳቸው ወፎቹ ስለሆኑ፣ ሽማግሎቹ “አንተስ፣ ወፍ ምን አለችህ?” ባሉ ቁጥር ከኋላ የሚስቅ አይታጣም ነበር።

ዳኛ ሆነው የተቀመጡት ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሯቸው ያልደከመ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ደብተራ ከጎናቸው ሆኖ የእያንዳንዱን ቃል ይጽፋል።

መጀመሪያ የተከሰሱት እረኞቹ ሆኑ። ወንጭፍ ያለው ሌላ ማን አለ? ከመሐላቸው ምላሰኛው ተነሣ። “አባቴ፣ ወርውረናል፤ አልመታንም። መትተን ቢሆንማ ሳትጠይቁን እኛው ፎክረን በነገርናችሁ” አለ። ይህን የሚክድ አልተገኘም። ቀጥሎ ጭልፊት ተከሰሰ፤ እሱ ስላልቀረበ አንድ አሮጌ አዳኝ ጠበቃ ቆመለት። “ጭልፊት ሲርበው አንድ ይወስዳል። ሁሉን ጨርሶ ነገ ምን ሊበላ ነው?” ከዚያም ከአልዩ አምባ ጨው የሚያመላልሰው ነጋዴ ወፎቹን አስይዞ ሸጧቸዋል ተባለ። ነጋዴው አንድ ቃል አልመለሰም፤ የአህያውን ጭነት ፈትቶ አሞሌውን አሳየና ተቀመጠ።

መሸ። ሰዉ በውርጭ ቡልኮውን ተከናንቦ ሜዳ ላይ አደረ። ሲነጋ ዳኛው መንገድ ለወጡ።

“ወፍ ያየ፣ ወፍ የያዘ አላልኋችሁም። ካለፈው ዓመት ወዲህ ከጥዱ ደን የገባችሁ እንደሆነ ለምን ጉዳይ እንደገባችሁ ተናገሩ። ጉዳይ የነበረው ሰው ለስርቆት ጊዜ አይኖረውም፤ በዚያ ንጹሑ ይለያል።”

ቄሰ ገበዙ ቀድመው ተነሡ። “እኔ ገብቻለሁ። የቤተ መቅደሱ ምሰሶ ተሰንጥቆ ነበር፤ ምስጥ የማይበላው እንጨት ብዬ ሦስት የደረቁ ጥዶች አስቆረጥሁ። እርጥብ አልነካሁም። ወፍም አላየሁ፤ ሲወድቁ ከቀዳዳቸው ጥቂት ላባ በነነ እንጂ።”

“ንጹሕ ናቸው!” አለ ሰዉ።

አንዱ ልጁን ድሮ ነበር፤ ለዳሱ ሁለት ቆረጠ፤ የደረቁ ናቸው። ሌላው የአባቱን ተዝካር አውጥቶ ነበር፤ ለጠላውና ለእንጀራው ማገዶ አራት አንድዶ ጨረሰ፤ “ውስጣቸው ባዶ የሆነ፣ ለምንም የማይረቡ” አለ። አንዱ ለበረቱ በር፣ ሌላው ለጎተራው መቆሚያ። ባለ ቀፎው ደግሞ ባዶ ግንድ ሲፈልግ አግኝቶ፣ ከአንዱ ጥድ ሁለት ቀፎ እንደወጣለት በደስታ ተናገረ። ሁሉም እርጥብ እንዳልነካ ማለ፤ የማሉትም እውነታቸውን ነበር። በየመሐሉ ሰዉ “ንጹሕ ነው!” ይላል።

በመጨረሻ ፍየል የሚያረባው ሰውዬ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። “እኔ እንጨት የሚባል አልቆረጥሁም። ፍየሎቼን ብቻ ነው ያስገባሁ። እነሱም ዛፍ አይበሉ፤ ከመሬት ብቅ ያለውን ለጋ ነገር ነው የሚቀጥፉት።”

“ይኼማ ከሁሉም ንጹሕ!” ተባለ።

ሁሉም ነጻ ወጣ። ዳኛው አገጫቸውን በምርኩዛቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ከዚያ ወደ እረኞቹ ዞሩ።

“እናንተ ዛፍ ለዛፍ የምትንጠላጠሉ፤ በዚያ ደን ወፍ የሚያድርበት ቀዳዳ ያለው ጥድ ስንት ነበር?”

ልጆቹ ተያዩ፤ እንቁላል ፍለጋ መውጣታቸው ሊታወቅባቸው ነው። ምላሰኛው እንኳ አንገቱን ደፋ። “አሥራ አራት” አለ።

“ደብተራ፣ የጻፍኸውን ቍጠር።”

ደብተራው ጣቱን እያስኬደ ቈጠረ። ሦስት ለምሰሶ፣ ሁለት ለዳስ፣ አራት ለተዝካር፣ አንድ ለቀፎ፣ የቀሩት ለበርና ለጎተራ። “አሥራ አራት ነው፣ ጌታዬ። ክስ ልጽፍ ነበር የተቀመጥሁ፤ የጻፍሁት ግን ማስተባበያ ብቻ ነው። አሁን ሳነበው ልዩነቱ ጠፋኝ።”

ሜዳው ታመሰ። ቄሰ ገበዙ ተቆጡ። “ሕጉ እርጥብ አትቍረጡ ነው የሚል! ደረቅ እንጨት ከመቼ ወዲህ ነው ወንጀል የሆነ?”

“አባ፣ እውነትዎን ነው” አሉ ዳኛው። “ሕጉን ስናወጣ ከመሐላችን በዛፍ ቀዳዳ የሚያድር ሰው አልነበረም።”

ፍርዱም ተሰጠ። ሌባ ስላልተገኘ መንደሩ የጠፋውን አዋጥቶ ይክፈል፤ የጠፋው ቀዳዳ ያላቸው አሥራ አራት ደረቅ ጥዶች ናቸው። ጭቃ ሹሙ “እሺ፣ እንተክላለን” ብሎ ሊነሣ ሲል ዳኛው አስቀመጡት። ጥድ ከዘር በቅሎ፣ አድጎ፣ አርጅቶ፣ ደርቆ፣ ግንደ ቆርቁር እስኪበሳው ስንት ዘመን ይፈጃል? የመለሰ የለም። ከሁሉ ያረጀው ሰው አያቱ ልጅ ሳሉ አንደኛው ጥድ ያኔም ደርቆ ቆሞ እንደነበር መናገራቸውን ብቻ አስታወሰ።

“እንግዲህ ባለዕዳው ዕዳውን ሳይከፍል ይሞታል ማለት ነው” አሉ ዳኛው። “እንዲህ ያለ ባለዕዳ ዋስ ይጠራል። ማን ዋስ ይሁናችሁ?”

ሰዉ ሁሉ ወደ እረኞቹ አየ። ሌላ ማን ይቀራል?

ልጆቹ እንደ ወጉ “ዋስ ነን” እንዲሉ ተጠሩ። ምላሰኛው ግን አላለም። “አባቴ፣ ዋስስ እንሁን። ግን ፍየሎቹን ከደኑ ማን ያስወጣልናል? ፍየሎቹ የጋሼ ናቸው። ‘አስገባ’ ብሎ የሚልከን እሱ፣ ሳይጠግቡ ቢገቡ የሚገርፈን እሱ። ዕዳውን የሚያበዛው ባለዕዳው ራሱ ሆኖ ዋሱ ምን አቅም አለው?”

ይኼን ጊዜ የሳቀ የለም። ዳኛው ፍርዳቸው ላይ ሦስት ነገር ጨመሩ። ፍየል የሚያረባው ሰው የደኑን የድንጋይ ካብ በገዛ እጁ ይካብ፤ ሌላው ድንጋይ ያቀብለው። ከእንግዲህ ቆሞ የደረቀ ጥድ እንደ እርጥብ ይቈጠር። ባለ ቀፎው ደግሞ ሁለቱን ቀፎዎች መልሶ ከዛፍ ላይ ይስቀል፤ አፋቸውን ጭብጥ የሚያህል ቀዳዳ ብቻ አስቀርቶ ይድፈነው። “ዋናው እስኪከፈል ወለዱ ይህ ነው” አሉና አውጫጭኙ ተፈታ።

ምሳሌው እዚህ ያቆማል። ወፎቹ ተመልሰው እንደሆነ አይናገርም፤ እኔም አልጨምርበትም።

ወፏ ግን የእውነት አለች። ከበቀቀን ወገን ናት፤ በዱር የምትገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። ለሳይንስ የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1814 ሲሆን፣ ሳይንሳዊ ስሟም ታራንታ ከሚባለው የኤርትራ ተራራ መተላለፊያ የተወሰደ ነው። ልትጠፋ ነው ከሚባሉት መዝገብ ውስጥ የለችም፤ ስለዚህ ምሳሌውን ለማስፈራሪያ አላመጣሁትም። የአንኮበርን ስም ይዛ በዓለም የታወቀችው ወፍ ደግሞ ሌላ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ታይታ በ1979 የተመዘገበች፣ ገደል አፋፍ ላይ የምትኖር ቡናማ ዘር ለቃሚ። እሷ ጥድም አያሻት።

ምሳሌው ቃል በቃል ሊባል በሚችል ሁኔታ የተፈጸመው በኮሎምቢያ ተራሮች ነው። እዚያ ከአንኮበር በማይለይ ከፍታ፣ ከሁለት ሺሕ ሜትር በላይ፣ በዓለም ረጅሙ የዘንባባ ዓይነት ይበቅላል። እስከ 60 ሜትር ይደርሳል፤ ግንዱ ሰም የተቀባ ይመስላል። በዚህ ዘንባባ ባዶ ግንድ ውስጥ የምትፈለፍል ጆሮዋ ቢጫ የሆነ በቀቀን አለች። እ.ኤ.አ. በ1999 ተመራማሪዎች ሲያገኟት የቈጠሯቸው 81 ብቻ ነበሩ። ማን ጨረሳት? አዳኝም ነበረ፣ ደን መንጣሪም ነበረ። ከነዚህ ጋር ግን የሆሳዕና ምእመናን ነበሩ። የኮሎምቢያ ካቶሊኮች ለሆሳዕና የሚይዙትን ዝንጣፊ ከዚሁ ዘንባባ ገና ያልተፈታ ለጋ ቅጠል ነበር የሚቆርጡት፤ የወጣት ዘንባባ ልብ ሲቆረጥ ዛፉ ይሞታል ወይም ይቀጭጫል። በሆሳዕና ዕለት የዘንባባ ቀለበት በጣቱ ያላደረገ የደብር ልጅ ብዙ ስለሌለ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻንም። ከነዚያ ምእመናን አንዱም ወፍ ለመግደል ወደ ተራራ አልወጣም።

እዚያ የሆነውን ከምሳሌው ይልቅ የማደንቅበት ምክንያት አለኝ። ዘንባባው እ.ኤ.አ. በ1985 የአገሪቱ ብሔራዊ ዛፍ ተብሎ በሕግ ታውጇል፤ መቍረጥም ተከልክሏል። አዋጁ ብቻውን ብዙ አልሠራም። የሠራው የወፍ ተንከባካቢዎቹ ከቤተ ክርስቲያን አባቶች ጋር መቀመጣቸው ነው። ካህናቱ ከመድረካቸው ሆነው ለሆሳዕና ሌላ ቅጠል ይያዝ አሉ፤ ሰዉም ሰማ። ሰው ሠራሽ ጎጆ ተሰቀለ፤ እንደ ባለ ቀፎው ወለድ መሆኑ ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ ወፎቹ ከሺሕ በላይ ሆኑ።

ዘንባባው ራሱ ግን አሁንም ከአደጋ አልወጣም። ቱሪስት ፎቶ የሚያነሣቸው በግጦሽ ሜዳ መሐል ተገትረው የሚታዩት ዘንባባዎች ሁሉም ሽማግሎች ናቸው። ችግኙን ከብት ይበላዋል፤ የተረፈውን ጥላ የሌለው ሜዳ ያቃጥለዋል። ሜዳው በዛፍ የተሞላ ይመስላል፤ ወራሽ ግን የለውም።

በእኛ ደብሮችም ይኸው ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ባደረገው ጥናት የከብት ግጦሽ ችግኞች እንዳይተኩ እንደሚያደርግ አሳይቷል። መፍትሔውም ከምሳሌው ዳኛ ፍርድ ጋር አንድ ሆነ፤ ካህናቱና ገበሬዎቹ ከእርሻ የተለቀመ ድንጋይ እየሰበሰቡ ደኖቹን በካብ አጠሩ። ገበሬው ማሳው ከድንጋይ ጸዳለት፣ ደኑ ከከብት ተጠበቀ። እንዲህ ሁለቱንም የሚጠቅም ነገር በጥበቃ ሥራ ላይ ብዙ አይገኝም።

የካቡን ነገር ግን ሰው ቶሎ ይቀበለዋል። የማይቀበለው የደረቀውን ዛፍ ነው። ከአንኮበር እስከ ጣርማ በር በገደሉ ላይ የተዘረጋውን የወፍ ዋሻ ደን አስቡ፤ ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ኮሶ አለበት። ደን ሲጠበቅ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ስምምነት “እርጥብ አትቍረጡ፣ ደረቅ ልቀሙ” የሚል ነው። ቅን ሕግ ነው፤ ድሀዋ ማገዶ ለቃሚ እንድትኖር የሚያስብ ሕግ ነው። ነገር ግን በዚያ ሕግ ተጠብቆ እያለ ደኑ ቀዳዳ ይጎድለዋል፤ በቀዳዳ የሚያድሩት ሁሉ፣ ከበቀቀን እስከ ጉጉት፣ ቤታቸው በፈቃድ ይነዳል። እኔ ለቃሚዋን መከልከል አይታየኝም። መሬት የወደቀው የእሷ ይሁን፤ ቆሞ የደረቀው ይቅር። ልዩነቱን ለማስከበር ጥበቃ ከመቅጠር በየደኑ ቆመው የደረቁትን ቀለም ቀብቶ፣ ቀዳዳቸውን የሚያውቁትን እረኞች ኃላፊ ማድረግ የሚሻል ይመስለኛል፤ ምላሰኛው ልጅ የጠየቀው ሥልጣን አብሮ ከተሰጣቸው ማለቴ ነው።

የዋሱ ነገር ደግሞ በአገራችን ያልተሞከረ አይደለም። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው የመናገሻን ደን አስተከሉ የሚል ትውፊት አለ። ትውፊቱ በዝርዝሩ እንዴትም ይሁን፣ ደኑ ዛሬም ቆሟል። ያስተከሉት ንጉሥ ጥዱን አርጅቶ አላዩትም።

አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፤ እሱም ቄሰ ገበዙ ናቸው። ምሰሶ መፈለጋቸው ጥፋት አይደለም፣ የድግሱም ማገዶ ጥፋት አይደለም፤ ጥያቄው እንጨቱ ከየት ይምጣ የሚለው ነው። ባሕር ዛፍ መርገም ፋሽን ሆኗል፤ ውኃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም ይባላል፤ የሚባለውም ሐሰት አይደለም። ይሁንና በደብረ ብርሃን ዙሪያ የቆመው ባሕር ዛፍ ባይኖር የምጣዱ እሳት ከየት ይመጣ ነበር? ከወፍ ዋሻ በመጣ ነበር። ማገዶውንና የዳሱን እንጨት ባሕር ዛፉ ይሸከም። ለመቅደስ ምሰሶ የግድ ጥድ ካስፈለገ፣ ከካቡ ውጭ፣ ለመቈረጥ ተብሎ ለብቻው የሚተከል የደብሩ ጥድ ይኑር፤ ያንን ቄሰ ገበዙ በፈለጉ ጊዜ ይቍረጡት።